የእናቴ ወረንጦ እና ከሪያድ የመጣው ቫይታሚን

በረመዳን ሰሞን ከሪያድ የተመለሰች ጎረቤታችን ለእናቴ አንድ ፌስታል ይዛላት መጣች። ውስጡ ሁለት ሻርፕ፣ አንድ ብልቃጥ ሽቶ፣ የታሸገ ተምር፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በካልሲ የተጠቀለሉ ሦስት የክኒን ብልቃጦች ነበሩ። የላከችው እህቴ ናት። ማታ በኢሞ ደወለች፦ «እማ፣ ያቺ ቢጫዋ ፍሬ ቫይታሚን ዲ ናት። ለዓይንሽ ነው። በየቀኑ አንድ አንድ ዋጪ። አብሽሪ፣ ይለቅሻል ኢንሻአላህ።»

እናቴን ዓይኗን ካመማት ዓመታት ተቆጥረዋል። ያለቅሳል፣ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራታል፣ ብርሃን ሲያገኘው ይጨፈናል። ከሚሴን የሚያውቅ ሰው እዚያ ከብርሃን መሸሽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ሜዳ አጠገብ የተቀመጠች ሞቃት ቦታ ናት። ገና ረፋዱ ላይ የቤቱ ቆርቆሮ መጋል ይጀምራል። እናቴ ሻርፗን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ገበያ ትወጣለች። ክኒኑን ግን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ዋጠች። ከልጇ የመጣ ነዋ!

ለመውሊድ ከአዲስ አበባ ወደ ቤት ስሄድ ስድስት ወር ሊሞላት ነው። «ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴን ቀለል ብሎኛል» አለችኝ። እኔ ስለ ዓይኗ ጠየቅኳት፤ እሷ ስለ ጉልበቷ መለሰችልኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ መልሱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ታሪክ ነው። የታሪክ ተማሪ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለው፦ አንድ ወሬ ከየት እንደመጣ ሳያጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። ቫይታሚን ዲ የዓይን መድኃኒት ነው የሚለው ነገር ከየት መጣ? ማገላበጥ ጀመርኩ። መንገዱ ባቲን፣ ኮፐንሃገንን፣ ለንደንንና ባልቲሞርን አዙሮኝ፣ ተመልሶ ያረፈው እናቴ አንገት ላይ ነው።

እህቴ አልዋሸችም

በመጀመሪያ ፍርድ እንስጥ፦ እህቴ አልዋሸችም። ሪያድ ሰው ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ከቤት የምትወጣው ቆሻሻ ለመድፋት ወይም ከማዳሟ ጋር ገበያ ለመሄድ ነው፤ ያኔም መኪና ውስጥ፣ አባያ ለብሳ። በሁለተኛው ዓመት አጥንቷን ያማት ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃታት። ክሊኒክ ወስደው ደሟን ሲያዩት «ቫይታሚን ዲ የለሽም» አሏት። ክኒኑን ዋጠች፣ ዳነች። ከዚያ ስልኳ ላይ አንዱ «ቫይታሚን ዲ ለዓይን፣ ለፀጉር፣ ለልብ» ሲል ሰማች። እኔን ካዳነኝ እናቴንም ያድናታል አለች። የልጅ ሐሳብ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

ቫይታሚን ዲን ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የሚለየው ዋናው ምንጩ ምግብ አለመሆኑ ነው። የዓሣ ዘይት፣ ጉበትና የእንቁላል አስኳል ውስጥ ይገኛል። አብዛኛውን ግን ራሱ ቆዳችን ይሠራዋል። አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ አንድ ንጥረ ነገር ይለውጥና፣ ጉበትና ኩላሊት ጨርሰውት አንጀታችን ካልሲየም እንዲመጥ የሚያዝ ሆርሞን ይሆናል። ይህ ጨረር በልብስ አያልፍም፤ በመስኮት መስታወትም አያልፍም። በረሃ መሀል እየኖሩ ፀሐይ ማጣት ይቻላል ማለት ነው።

እኛም አገር ቢሆን ያው ነው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ፀሐይ የማያልቅብን ሀብት ትመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ግን ይህንኑ መፈክር ርዕሱ ላይ አስገብቶ የአዳማና የአካባቢዋን ተማሪዎች ደም መረመረ። ከ174ቱ ልጆች 42 በመቶዎቹ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው። ከተሜዎቹን ለብቻ ስናይ 61.8 በመቶ፣ የገጠሮቹን ስናይ 21.2 በመቶ። አንድ ሰማይ ሥር፣ አንድ ፀሐይ እየወጣላቸው! ልዩነቱ ያለው ማን ውጭ ዋለ፣ ማን ቤት ዋለ የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ እጥረቱ እውነት ነው፤ ክኒኑም እውነት ነው። የቀረኝ ጥያቄ ዓይን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚለው ነው።

ዳፍንት

ነፍሷን ይማርና አያቴ የባቲ አካባቢ ሰው ነበረች። ልጅ ሳለች አንድ ድርቅ በበዛበት ዓመት ዳፍንት ይዟት እንደነበር ደጋግማ ታጫውተን ነበር። ቀን ቀን ደህና ታያለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ልክ እንደ ዶሮ ትሆናለች። ፍየሎቹን አስገብታ በሩን በዳበሳ ነው የምታገኘው። ለበሽታው የታወቀው መድኃኒት ጉበት ነበር። አባቷ ፍየል አርዶ ጉበቱን በፍም ጠብሶ አበላት። «በቀናት ውስጥ ከዋክብቱን ቆጠርኳቸው» ትለን ነበር። ስለ ከዋክብቱ ትንሽ ሳትጨምርበት አልቀረችም፤ ስለ ጉበቱ ግን አልተሳሳተችም።

ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ቫይታሚን ዓይን ውስጥ፣ ሬቲና ላይ አገኘው፤ ኋላ የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው። በጨለማ እንድናይ የሚያደርገን የሬቲና ቀለም የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ኤ ሲያልቅ መጀመሪያ ማታ ማየት ይጠፋል፤ ያ ዳፍንት ነው። ከዚያ የዓይን ነጩ ይደርቃል፣ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣበታል። መጨረሻ ላይ ብሌኑ ይቆስልና ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ጉበትም አይመልሰው። ጉበትን ለዓይን መጠቀም እኛ ብቻ የደረስንበት አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ከ3,500 ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ ጽፈውታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ የዓይኑ ቫይታሚን ኤ ነው፤ ከሪያድ የመጣው ዲ ነው። ሁለቱ የተደባለቁት ግን እህቴ ስልክ ላይ ብቻ አይደለም። በሳይንስ ታሪክም ለዓመታት አንድ ነገር መስለው ኖረዋል።

አንድ ማንኪያ ዘይት

በሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች ኮድ ከሚባል ዓሣ ጉበት የሚወጣ ዘይት ነበር። ሽታው አያድርስ ነው፤ እናቶች ግን የልጆቻቸውን አፍንጫ ይዘው በማንኪያ ይግቱት ነበር። እግሩ የጎበጠ ሕፃን ይድንበታል። ዓይኑ የደረቀ ሕፃንም ይድንበታል። ለምን እንደሚያድን ግን ማንም አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ ውስጥ ኤልመር ማኮለምና ማርጌሪት ዴቪስ ቅቤና የእንቁላል አስኳል ውስጥ አይጦችን የሚያሳድግ፣ በስብ የሚሟሟ ነገር እንዳለ አስታወቁ። ያ ነው ኋላ ቫይታሚን ኤ የተባለው። ያ ነገር ሲጎድል አይጦቹ ዓይናቸው ይታመማል። ብዙም ሳይቆይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ካርል ብሎክ ያንኑ በሰው ልጅ ላይ አየ። ዴንማርክ ቅቤዋን ለውጭ ትሸጥ ነበር። የድሃ ልጆች ስቡ የተገፈፈ ወተትና ማርጋሪን ይሰጣቸዋል፤ ዓይናቸው ይደርቃል፣ አንዳንዶቹም ይታወራሉ። ሙሉ ወተትና የዓሣ ዘይት ሲያገኙ ይድናሉ። ቅቤ አምርቶ፣ ቅቤውን ሸጦ፣ ልጁን ማሳወር። ይህን ሳነብ ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት የሚያረቡ፣ ቅቤውን ግን ቋጥረው ለገበያ የሚያወጡ እናቶች ትዝ አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን ቤት ውስጥ ዘግቶ በአብዛኛው ገንፎ እየመገበ አሳደገ። አጥንታቸው ለሰለሰ፣ እግራቸው ጎበጠ፤ ሪኬትስ ያዛቸው ማለት ነው። የዓሣ ዘይቱን ሲሰጣቸው ዳኑ። ሜላንቢ ታዲያ «ያው ቫይታሚን ኤ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ገመተ። ዘይቱ አንድ፣ ማንኪያው አንድ፤ ምን ያድርግ? በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ኩርት ሁልድሺንስኪ ሪኬትስ ያለባቸውን ልጆች ያለ ምንም ዘይት፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ አዳነ። ነገሩ ይብስ ተወሳሰበ። ብርሃንና የዓሣ ዘይት እንዴት አንድ ሥራ ይሠራሉ?

ቋጠሮው የተፈታው በአይጥ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ባልቲሞር ውስጥ ማኮለምና ባልደረቦቹ የዓሣ ዘይቱን እያሞቁ ለረጅም ሰዓታት ኦክስጅን አሳለፉበት። ከዚያ መልሰው ለታመሙ አይጦች ሰጡት። ዘይቱ ከእንግዲህ ዓይን አያድንም ነበር። አጥንት ግን ያድናል! ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ ያለው አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ የዓይኑ በሙቀትና በኦክስጅን ጠፋ፣ የአጥንቱ ቀረ። ኤ፣ ቢና ሲ ቀድመው ስም ይዘው ስለነበር ለዚህ አዲስ ነገር ቀጣዩ ፊደል ደረሰው፦ ዲ።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ማታ ለብቻዬ ሳቅሁ። ቫይታሚን ዲ ራሱን ችሎ የታወቀው የዓይኑን ሕመም ማዳን ያልቻለ ጊዜ ነው። እናቴ «ጉልበቴን ቀለል ብሎኛል» ስትለኝ ባልቲሞር ላይ የተገኘውን ውጤት ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ።

ሁለቱ መንገዶች እኛ አገር

ከዚያ በኋላ ኤ እና ዲ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ሁለቱም መንገዶች ኢትዮጵያ ደርሰዋል።

የኤ መንገድ በረሃብ በኩል ነው የሚያልፈው። በ1977 ዓ.ም. የአያቴ አገር ባቲ ከኮረም ጋር ስሟ በዓለም ዜና ተሰማ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመልና ጨው፣ እህልና ከብት የሚገበያዩባት ባቲ፣ ያን ዓመት ከየአቅጣጫው የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች የሰፈሩባት መጠለያ ሆነች። በረሃብ ጊዜ ኩፍኝ ይነሣል፤ ኩፍኝ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን ኤ አሟጦ ይወስዳል፣ ከዚያ ዓይን ይጠፋል። በዚያው ዘመን አልፍሬድ ሶመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አየ፦ ዳፍንት የያዛቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የአቼ ጥናት በስድስት ወር አንዴ ቫይታሚን ኤ መስጠት የሕፃናትን ሞት በ34 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ዳፍንት የዓይን ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሞት ከመግባቱ በፊት በር ሲያንኳኳ ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየስድስት ወሩ የሕፃኑን አፍ ከፍታ የምታንጠባጥባት ጠብታ ከዚያ የመጣች ናት። ያቺ ናት የዓይኗ ቫይታሚን።

የዲ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትና ሳንባ ምች የሌለባቸው 500 ሕፃናት ተነጻጸሩ። ከታመሙት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። የደረት አጥንት ሲለሰልስ ሕፃኑ በደንብ መተንፈስ፣ አክታውን ማውጣት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር ይገርመኛል። እናቶቻችን አራስ ልጅን ከፀሐይ የሚደብቁት «ምች ይመታዋል» ብለው ነው። ቡዳም አለ፣ የሰው ዓይንም አለ። ልጁ ተጠቅልሎ ጓዳ ይተኛል፤ በሩ ላይ ዳማከሴ አይጠፋም። ፀሐይ ያጣ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ ደግሞ በሳንባ ምች ይወድቃል። ከምች ሸሽቶ የሳንባ ምች ላይ መውደቅ ማለት ይህ ነው። ሐኪሞቹ «ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቃችሁ ፀሐይ አሙቁት» እያሉ የሚጨቀጭቁት ለዚህ ነው። ለአጥንቱና ለደረቱ እንጂ ለዓይኑ አይደለም።

ታዲያ ዲ ለዓይን ምንም አይሠራም?

እህቴ ይህን ስነግራት አልተዋጠላትም። «አንተ ደግሞ! ኢንተርኔቱ ሙሉ እያወራ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ያወራል። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ዓይን ውስጥ ቫይታሚን ዲን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። ዓይናቸው የሚደርቅ ወይም በእርጅና ሬቲናቸው የሚጎዳ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ አንሶ ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ግን የታመመ ሰው ቤት ይውላል፣ ቤት የዋለ ሰው ፀሐይ ያጣል። የቱ የቱን አመጣ? ይህን ለመለየት ክኒኑን ሰጥቶ ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ቫይታል የተባለ ትልቅ ጥናት ይህንኑ አደረገ። ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን ከአምስት ዓመት በላይ ዋጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቫይታሚኑ በእርጅና የሚመጣውን የሬቲና ጉዳት አልከለከለም፤ የጀመረውንም አላዘገየም።

የልጆችስ ዓይን? እዚህ ላይ ፀሐይ እውነተኛ ሥራ አላት፤ መንገዷ ግን ሌላ ነው። የሩቁን ማየት የሚያቅታቸው፣ መነጽር የሚያደርጉ ልጆች በምሥራቅ እስያ ሲበዙ ተመራማሪዎች ጓንግዡ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጭ እንዲውሉ ከተደረጉት ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ 30.4 በመቶዎቹ፣ እንደ ወትሮው ከዋሉት ደግሞ 39.5 በመቶዎቹ የሩቅ ዕይታቸው ደከመ። በዘር ውርስ በኩል የተደረጉ ጥናቶች ግን ምክንያቱ ቫይታሚን ዲ ነው የሚለውን አልደገፉም። የሚታመነው ደማቅ ብርሃን ራሱ ሬቲና ላይ ዶፓሚን እንዲለቀቅ አድርጎ የዓይን ኳስ ከልክ በላይ እንዳይረዝም ያግዛል የሚለው ነው። ያን ደግሞ በብልቃጥ አሽጎ የሚልክ ፋብሪካ የለም። ልጁን ወደ ውጭ ለቀቅ ማድረግ ነው፣ በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን ዲ ያለ ልክ ከተዋጠ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል። ኩላሊት ይጎዳል፤ አልፎ አልፎም ካልሲየሙ የዓይን ብሌን ፊት ላይ እንደ ነጭ መቀነት ይጋገራል። ለዓይን ብሎ የዋጡት ዓይን ላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ወረንጦው

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

እናቴ አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የታሰረች ትንሽ ወረንጦ አለች። ልጅ ሆኜ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ስለነበራቸው የሴት ሁሉ ጌጥ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡናው አቦል ወጥቶ ቶና እስኪደርስ አንዷ የሌላዋን የዓይን ቆብ ገልብጣ ፀጉር ትነቅልላታለች። እየተጨዋወቱ፣ እየሳቁ። ከዓይን የሚነቀል ፀጉር ምን ይሠራል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ስለ ግብፅ ፓፒረስ አንብቤ፣ እናቴን ዓይኗን ቀና ብዬ አላየሁም። ስለዚህ እህቴን መውቀስ አልችልም። እሷ ሦስት ብልቃጥ ልካለች፤ እኔ ምን ላክሁ?

የመውሊድ ማግሥት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሱ ቆቧን ገልብጦ በባትሪ አየ። አንድ ደቂቃም አልፈጀበት። «የዓይን ማዝ ነው» አለ፤ ትራኮማ። «ፀጉሩ ወደ ውስጥ ዞሯል። ብልጭ ድርግም ባለች ቁጥር ብሌኗን ይፍቀዋል።» አንድ ሰው በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል? ይህን ነው እናቴ ለዓመታት የተሸከመችው።

ትራኮማ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። የቻይናው ሐኪም ታንግ ፌይፋን እ.ኤ.አ. በ1957 ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማሳደግ እስኪችል ድረስ ምንነቱ ሲያከራክር የኖረ ነው። በልጆች ዓይን አር፣ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፤ በያዘ ቁጥር የቆቡን ውስጥ ያስቆጣል፣ ጠባሳ ይተዋል። ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ሴቶች ከወንዶች በብዛት የሚጎዱት ሕፃናቱን የሚታቀፉት እነሱ ስለሆኑ ነው። እናቴ ያን በሽታ የያዛት ምናልባት ታናናሾቿን አዝላ ስታሳድግ፣ ምናልባትም እኔን አዝላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 40.1 በመቶዎቹ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 በመቶዎቹ። ከ10 ልጅ ስድስቱ! በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ የእኛው ክልል ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ፣ የካርተር ማዕከልና ላየንስ ክለቦች ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይዘው ተነሡ፦ ቀዶ ሕክምና፣ አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ ፊት መታጠብ እና የአካባቢ ንጽሕና። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ማልትራ የሚባለው የወባና የትራኮማ ዘመቻ ተጀመረ። ልጆች በረጅም እንጨት ቁመታቸው እየተለካ መድኃኒቱን ሲዋጡ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። መጸዳጃ ቤት መቆፈርም ዘመቻ ሆኖ ነበር። በአንድ ዓመት 10 ሺህ ይቆፈራል ተብሎ ታቅዶ ሕዝቡ ከ80 ሺህ በላይ ቆፈረ። ከኋላው የነበሩት ሴቶች ናቸው። ጨለማ እስኪሆን መጠበቅ ሰልችቷቸው ነበራ!

እንግዲህ እናቴ ያስፈለጋት ቫይታሚን አልነበረም። ያስፈለጋት ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ አንድ ቀዶ ሕክምና ነው። የሚሠራው ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ነው፤ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ። ሁለቱም ዓይኗ በአንድ ቀን ተሠራላት። በባጃጅ ይዣት ስመለስ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ «የት ደረስን?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔም እንደ ሕፃን «ድልድዩን አለፍን፣ መስጊዱ ጋ ደረስን» እያልኩ እነግራታለሁ።

ከሳምንት በኋላ ክሩ ወጣ። ቀኝ ዓይኗ ደህና ነው። ግራው ብሌን ላይ ግን ፀጉሩ የፋቀው ጠባሳ ቀርቷል። ነርሱ «ይህ አይመለስም፤ ግን ከእንግዲህ አይጨምርም» አለኝ። ከዚያ ጠባሳ ውስጥ ምን ያህሉ ክኒን እየዋጠች በጠበቀችባቸው ስድስት ወራት የመጣ ይሆን? አልጠየቅኩትም። ለእህቴም ይህን ክፍል አልነገርኳትም፤ ይህን ጽሑፍ ካነበበች አሁን ሰማች ማለት ነው። እቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ወረንጦዋን እያየን ያደግነው ሁላችንም ነን።

እናንተም ቤት ዓይኗ የሚያለቅስ፣ ወረንጦ የማይለያት እናት ወይም አያት ካለች ከመድኃኒት ቤት በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ማታ ማታ የሚደናበር ልጅ ካለ ቫይታሚን ኤ ነው ነገሩ፤ ለነገ አይባልም። እግሩ የጎበጠ፣ ከጓዳ የማይወጣ ሕፃን ካለ ደግሞ ያን ጊዜ ዲ ነው፣ ያን ጊዜ ፀሐይ ነው። ሁሉም ሕመም የየራሱ በር አለው።

ባለፈው አርብ ማታ እህቴ በኢሞ ደወለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ በሁለቱም ዓይኗ እያየቻት ነው። እህቴ «እማ፣ ምን ልላክልሽ? ክኒኑን ልጨምርልሽ?» አለቻት። እናቴ ትንሽ ዝም አለች።

«ለእኔ ተዪው ልጄ» አለቻት። «አንቺ ነሽ ጨለማ ቤት ያለሽው። ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወጥተሽ ልብስ አስጪ፤ ቀስ ብለሽ አስጪ። ፀሐይ ያግኝሽ።»